የእንደራሴዎች ለቅሶ

የሐዘን ፈቃድ ከተሻረ ወዲህ፣ ደሴ ውስጥ ለቅሶ የሚደርሰው ከሰው ይልቅ እንደራሴ ነበር። አዋጁ አጭር ነው። ለአንድ ሟች አንድ ዋና ሐዘንተኛ ይመዘገባል፤ እሱ ብቻ እስከ ሰልስት ከሥራው ይለቀቃል። ሌላው ዘመድና ጎረቤት ከሥራ ገበታው ሳይነሳ ለቅሶ መድረስ ስለሚችል ፈቃድ አያስፈልገውም። መድረስ ማለት እንደራሴን፣ የራስን የብርሃን ምስል፣ መላክ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ቅሬው እንደ ድሮው ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል። ከዚያ የድንኳኑ ምሰሶዎች ይበራሉ፤ ባዶዎቹም ወንበሮች በሰው ይሞላሉ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ አንገታቸውን የደፉ፣ ከጎዴም ከመተማም ከባቱም የመጡ ሰዎች። ከእውነተኛው ሰው የሚለዩት በእግራቸው ነው። ዶፍ በወረደበት ቀን እንኳ ጫማቸውን ጭቃ አይነካውም።

ይህን እንግዳ ነገር ነው ብሎ የሚያወራ አልነበረም። ሰው ጠዋት ወደ ሥራው እየሄደ፣ «ዛሬ እነ እንትና ቤት ለቅሶ አለብኝ» ይላል፤ እንደራሴውን ይልካል፤ ሥራውን ይሠራል። አመሻሽ ላይ አጭር መልእክት ይደርሰዋል፦ «ዛሬ በወዳጅዎ ለቅሶ ተገኝተው አልቅሰዋል።» አንብቦ ወደ ራቱ ይመለሳል።

ስንዱ አበጋዝ እንጀራዋን የምትበላው እነዚህን እንደራሴዎች በማንቀሳቀስ ነበር። አርባዎቹን የጀመረች፣ ቀጠን ያለች፣ ከሰው ጋር ስታወራ ጣቶቿን የማታሳርፍ ሴት ናት። ድንኳን የሚያበሩትን ምሰሶዎች ለየቅሬው የሚያቀርበው «ማጽናኛ» የተባለ ድርጅት ፕሮግራመር አድርጎ ሲቀጥራት፣ የመጀመሪያ ሥራዋ የለቀስተኛን እንቅስቃሴ መሥራት ነበር። ደረት መድቃት፣ ማቀርቀር፣ በነጠላ ጫፍ እንባ መጥረግ፣ ፊትን በመዳፍ መሸፈን። የእህት ለቅሶ ከጎረቤት ለቅሶ እንዲለይ፣ የሽማግሌ ማቀርቀር ከጎረምሳ ማቀርቀር እንዲለይ ብዙ ደከመች። ስታልም እንኳ የምታየው የሰው እጅ ነበር።

በዚያን ጊዜ እንደራሴው የሚያለቅሰው ባለቤቱ ሲያዘው ብቻ ነው። ሰውየው ሥራው ላይ ሆኖ ልቡ ሲነካ በመዳፉ የያዘውን ቁልፍ ይጫናል፤ ደሴ ያለው ምስሉ ያለቅሳል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ሰው ሁሉ መጫኑን መርሳቱ ነው። ሐዘንተኛዋ ደረቷን እየደቃች ትጮኻለች፣ ድንኳን ሙሉ ሰው አንገቱን እንደደፋ ውልፍት አይልም።

አንድ ቀን የሥራ አለቃዋ ሰይድ ወንበሩን እየገፋ ከጎኗ መጣ። ሰይድ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ወሬ ሲያመጣ ቀድሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ስንዱዬ፣ አንዲት ሴትዮ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ልጄን ቀብሬ ስመለስ እንደ ጅብራ የተገተረ መንጋ ልካችሁብኝ ዋላችሁ› አለችኝ።»

«ሰዎቹ ናቸዋ መንካት ያለባቸው። እኔ ምን ላድርግ?»

«ማን ይነካል? ሰዉ ሥራ ላይ ነው።»

«ሥራ ላይ ከሆነ አላለቀሰማ!»

ሰይድ ትንሽ አሰበ። «ሐዘንተኛዋ ስታለቅስ እነሱም ቢያለቅሱስ? ከባለቤቱ ምንም ሳንጠብቅ። እሷ ስትጮህ በራሳቸው ቢነሱስ?»

የሰይድ ጥያቄ በፕሮግራመር ቋንቋ ቀላል ጥያቄ ነው። በስንዱ ኮድ ውስጥ ሁለት ክላሶች ነበሩ፤ አንዱ «ሐዘንተኛ»፣ ሌላው «ለቀስተኛ»። ክላስ ማለት እንደ አንድ ሰው ቤት ነው፤ ዕቃውም ምስጢሩም በየራሱ ጓዳ ነው። የማልቀሻው አኒሜሽን ሁሉ ያለው በለቀስተኛው ጓዳ ነው። ሐዘንተኛው የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነው፤ የሴትየዋ ድምፅ መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ እንዳለ። ታዲያ የአንዱ ክላስ ጩኸት የሌላውን ክላስ እጅ እንዴት ያንቀሳቅስ? ጀማሪ ቢሆን በር ሰብሮ ይገባል። ሐዘንተኛውን ለቀስተኛው ጓዳ ድረስ ያስገባና የእያንዳንዱን እጅ እየያዘ እንዲጎትት ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ኮድ አንዱ ጥግ ሲነካ ሌላው ጥግ ይናዳል። ስንዱ በጣም ትጠላዋለች።

እሷ ያደረገችው ሌላ ነው። «ሰው ቤት የሚሄድ ሰው ደጅ ቆሞ ‹ቤቶች!› ይላል እንጂ ጓዳ ገብቶ ምድጃ አይነካም» አለችው ሰይድን። ሐዘንተኛው ጥሪ ያሰማል፤ ማን እንደሚሰማው አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ለቀስተኛ ሆኖ የተመዘገበ ሁሉ ጥሪውን ይሰማል፣ ከራሱ ጓዳ የራሱን ለቅሶ ያወጣል። ሁሉም እንደ ሠራዊት በአንድ ጊዜ እንዳይነሳም የፊቱን ረድፍ አስቀደመች፣ የኋላውን ትንሽ አዘገየች። ለቅሶው ከፊት ተነስቶ፣ ንፋስ እንደመታው ገብስ፣ ወደ ኋላ እየተዛመተ ይሄዳል።

መጀመሪያ የሞከሩት ሰኞ ገበያ ሰፈር አንድ ቤት ነበር። ሐዘንተኛዋ ሴት ጮኸች፤ ድንኳኑ አብሯት ጮኸ። ሰልስቱ ሲያልፍ ያቺ ሴት ቢሮ ድረስ መጥታ የስንዱን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። «አገር አለቀሰልኝ» አለች። ስንዱ ደግፋ አነሳቻት፤ ያን ቀን በደስታ ምሳዋን አልበላችም። ከዚያ በኋላ አሠራሩ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ወልዲያ፣ ወደ ሁሉም ከተማ ሄደ። ባለቤቱ የሚጫነው ነገር አላስፈላጊ ሆኖ ተነሳ። የቀረ መሆኑንም ያስተዋለ የለም።

ስንዱም ለሰው ለቅሶ እንደራሴዋን ትልክ ነበር። ለአንዲት አብሮ አደጓ እናት፣ ለቀድሞ አከራይዋ፣ ለብዙ ሰው። መልእክቱ ሲመጣላት ታነበዋለች። አልቅሰዋል ይላል። አንዳንዴ ለማን እንደሆነ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ይወስድባት ነበር።

በሐምሌ፣ ዝናቡ የጦሳን ተራራ ከላይ እስከ ታች በጉም በሸፈነበት ሰሞን፣ አባቷ አቶ አበጋዝ አረፉ። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ሮቢት ሰፈር ውስጥ በእሳቸው ፊሽካ ያልሮጠ ጎልማሳ የለም። በሽታው ሲጀምራቸው ሳንባቸውን ነበር የያዛቸው፤ ሲሄዱ ግን በእንቅልፋቸው ሄዱ። እናቷ ቀድማ ሞታለች። የቀራት አንድ ወንድም ነው፤ አምሳሉ። እሱ አፋር በረሃ ውስጥ ካለ የእንፋሎት ኃይል ጣቢያ ነው የሚሠራው። ደሴ ያለችው ስንዱ ስለሆነች ዋና ሐዘንተኛ ሆና የተመዘገበችው እሷ ናት። አምሳሉ እንደራሴውን ላከ።

ከቀብር ሲመለሱ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ምሰሶዎቹ በርተው ነበር። በሥጋቸው የተገኙት ስንዱ፣ የቅሬው ሰብሳቢ አያ ይማምና ጥቂት አሮጊት ጎረቤቶች ናቸው። የቀረው ሁሉ እንደራሴ ነው። አባቷ ያስተማሩት፣ የዳሩት፣ ያስታረቁት ሰው ብዙ ስለነበር ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት ረድፍ አምሳሉ ተቀምጧል። ከአጠገቡ የአባቷ እህት፣ አክስቷ ያልጋነሽ አለች።

ስንዱ ደጃፉ ላይ ቆመች። የአባቷን ባዶ ወንበር አየች፤ እንደ ልማዱ በረንዳው ጥግ ተደግፎ ቆሟል። «አባብዬ!» ብላ ጮኸች።

ድንኳኑ ተነሳ።

አምሳሉ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ያልጋነሽ ደረቷን ደቃች። የፊቱ ረድፍ አቀረቀረ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ለቅሶው እየተንከባለለ እስከ ኋላው ድረስ ሄደ፣ እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ስንዱ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከፊትና ከኋላው ረድፍ መካከል ያለውን መዘግየት በጆሮዋ ትሰማው ነበር። እሷ ናት የለካችው። የያልጋነሽ እጅ ደረቷ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ታውቀዋለች፤ ትንሽ ወደ ግራ እንዲሆን ያደረገችው እሷ ናት።

ዝም አለች። እነሱም ቀስ ብለው ዝም አሉ።

ብርዱ ጉሮሮዋን ሲኮሰኩሳት አሳላት። የፊቱ ረድፍ ትከሻውን አነሳ፤ አንዲት ሴት ከመሃል እንባዋን ጠረገች።

አንዷ አሮጊት ጎረቤት ውኃ ይዛላት መጣች። ስንዱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እዚያ ያስቀምጡልኝ» ስትል ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ፤ አምሳሉ እንደገና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አሮጊቷ ወደ እሱ ዞር ብላ፣ «አይዞህ የኔ ልጅ» አለችው።

ስንዱ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ እንባ የሚባል አልመጣላትም። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተቀርቅሮ፣ ሊወጣ ሲል ዓይኗ ወደ ረድፎቹ ይሄዳል፤ ዓይኗ ሲሄድ ይመለሳል። ካለቀሰች ያለቅሳሉ። ካላለቀሰች ይጠብቋታል።

አያ ይማም ከዘራቸውን እየተደገፉ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ከአባቷ ጋር አብረው ያደጉ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ነገር የማይደብቁ ሽማግሌ ናቸው።

«አልቅሺ እንጂ ልጄ። ይውጣልሽ። ሐዘን ሲያፍኑት ይገላል።»

«ማን ፊት ላልቅስ አያ?»

«ይሄ ሁሉ ሰው ፊት ነዋ!»

«ሰው እኮ የለም።»

«እንዴት የለም? ያው አምሳሉ። ያቻት ያልጋነሽ።»

«አምሳሉ አሁን ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃሉ? እኔ አላውቅም። ምናልባት ምሳ እየበላ ነው። እያለቀሰ ያለው እኔ የሠራሁት ነገር ነው። ድምፄን ሰምቶ ነው። አሁን ተነስቼ ብዘፍን ያለቅስልኛል።»

«መላካቸውስ አይቆጠርም?» አሉ አያ ይማም። «ድሮም ለቅሶ ቤት የሚመጣው ሁሉ ልቡ አዝኖ አልነበረም። ይሉኝታ ያመጣዋል፤ ከመጣ በኋላ ግን የሌላው ለቅሶ ያስለቅሰዋል። እኔ ራሴ ስንቱን በማላውቀው ሰው አልቅሻለሁ።»

«እርስዎ ግን መጥተው ነው አያ። የሌላው ለቅሶ ሊነካዎት እዚያው አጠገቡ ነበሩ። እነሱን ምን ይነካቸዋል? ምንም አይሰሙም እኮ።»



ስንዱ ተነስታ ወደ ቤት ገባች፣ የአባቷን ክፍል በር ዘግታ ሰይድ ጋ ደወለች።

«ሰይድ፣ ጥሪውን ላዞረው ነው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ወዴት?»

«ወደ ባለቤቶቹ። ሳለቅስ ምስሉ ሳይሆን ሰውየው እንዲሰማኝ። መምጣት የፈለገ ራሱ ምስሉ ውስጥ ገብቶ ይንቀሳቀስ፤ ያልፈለገ ይተው።»

«ስንዱዬ፣ ሐዘን ላይ ነሽ። ምስሎቹ ደርቀው ይቀራሉ እኮ። አገር ይዋረዳል።»

«በሁሉም አይደለም። በአባቴ ድንኳን ብቻ።»

«ብቻ የሚባል ነገር አለ? ነገ ሁሉም ሰው ይሰማል። ለድርጅቱስ ምን ብዬ ነው የምመልሰው?»

«አላውቅም ሰይድ። እኔ የማውቀው አባቴን ቀብሬ ተመልሼ በሳልኩ ቁጥር ድንኳኑ እንደሚያለቅስብኝ ነው።»

ሰይድ፣ «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለና ዘጋ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ኮዷን ከፈተች። የሚቀየረው አንድ መስመር ነው። ለቀስተኛ ጥሪ ሲሰማ «አልቅስ» የሚለውን አጥፍታ፣ በቦታው «ባለቤቱን ጥራ» ብላ ጻፈች። ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ግን ደጃፉ ላይ ቆም አለች፤ አሁን ድምፅዋ የሚደርሰው ሰው ጆሮ ስለሆነ በእውነት ሳታለቅስ መጥራት አትችልም፣ ስታለቅስም የሚመልስላት ላይኖር ይችላል።

መሃል ላይ ቆመች። የአባቷን ወንበር እንደገና አየችው። ዝናቡ በረንዳው ድረስ እየረጨ መቀመጫውን አርሶታል፤ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ «ማነው ወንበሬን ዝናብ ላይ የተወው?» ብለው ቤቱን ያውኩት ነበር። ማንም አላነሳውም። ማንም እንደማያነሳው ሲገባት፣ የተቀረቀረው ነገር ተነቀለ።

«አባብዬ! ወንበርህ ራሰ እኮ! አባቴ!»

ድንኳኑ ዝም አለ። ከፊት እስከ ኋላ፣ አንድም ጣት አልተነቃነቀም። ጩኸቷ ሸራው ላይ ተመልሶ ወደ እሷ መጣ። አሮጊቶቹ አፋቸውን ያዙ። አያ ይማም ከወንበራቸው ተነሱ።

«ምን አደረግሽ?»

«ጠራኋቸው።»

«ማንን?»

«እነሱን። ራሳቸውን።»

«ይሄን ሁሉ ሰው አሳጣሽው! ነገ በየቤቱ እገሌ በአበጋዝ ለቅሶ ድንጋይ ሆኖ ዋለ ሊባል ነው! አባትሽ ሰው አሳፍሮ ያውቃል?»

ማቆም አልቻለችም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ አፍንጫዋን ሳትጠርግ፣ ሳግ እያቋረጣት፣ ለዛ በሌለው ድምፅ አለቀሰች። ማንም አልተቀበላትም። ብቻዋን የሆነች ሴት ለቅሶ ነበር። ከአሮጊቶቹ አንዷ ሮጣ መጥታ ያዘቻት፤ ሁለቱም ዝናብ የመታው ሣር ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ያልጋነሽ ናት። ፊቷን ቀና አደረገች፤ ዓይኖቿ ፈጠጡ። ከዚያ እጆቿ ወደ ላይ ሄዱ። ደረቷን ግን አልደቁም። አየሩን ይዘው፣ ጠምዘዝ አድርገው፣ ወደ ጎን አስቀመጡ። እንደገና ወደ ላይ ሄዱ፣ ያዙ፣ ጠመዘዙ፣ አስቀመጡ። ያልጋነሽ ባቱ ውስጥ ካለ የቲማቲም ማብቀያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ተክሉ በሚንቀሳቀስ መስመር ተሰቅሎ በፊቷ ያልፋል።

«ስንዱ! የኔ እናት!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ሰማሁሽ። መስመሩ አይቆምልኝም፤ እጄን ካቆምኩ ያልፈኛል። እጄን አትዪብኝ። መጥቻለሁ። ወንድሜን! ወንድሜን ቀበርሽብኝ!» እያለች፣ እንባዋ በአገጯ እየወረደ፣ የማይታየውን ቲማቲም ትለቅም ጀመር።

ከዚያ ከመሃል ረድፍ አንድ ሰው ሁለት እጁን ከፊቱ ዘርግቶ ክብ ነገር ጨበጠ፤ መኪና እየነዳ ነበር፤ ወደ ግራ እየጠመዘዘ ከንፈሩን ነከሰ። አንዲት ወጣት ሴት የማትታይ ደንበኛ ፀጉር እየሠራች ስቅስቅ አለች፤ በየመሃሉ ለደንበኛዋ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ትላለች። ከኋላ አንድ ሽበታም ሰው ከፍ ካለ መደርደሪያ መድኃኒት እያወረደ፣ «መምህር፣ መምህር» ይል ነበር። ሁሉም የሚያደርገው የየራሱን ነው። ማንም ከማንም ጋር አይገጥምም። ለቅሶው አንዱ ጋ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ሌላ ጥግ ደግሞ ይነሳል። ከብዙው ሰው የገባው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው አንገቱን እንደደፋ ነበር። አያ ይማም ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ አድርገው አገጫቸውን አስደግፈው ቆመው አዩ። በኋላ ሄደው ወንበሩን ከዝናብ አነሱ።

አምሳሉ አልገባም። እህቱ ፊት ለፊት፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ውልፍት ሳይል ዋለ።

በማግስቱ አያ ይማም ያሉት ደረሰ። ብዙ ሰው እንደራሴውን አነሳ። ግማሾቹ ወንበሮች ባዶ ሆኑ። አንድ የአባቷ ባልደረባ ስልክ ደውሎ፣ በሥራ ሰዓት ጆሮው ውስጥ ጩኸት እንደለቀቀችበት፣ ልቡ ቀጥ ሊል እንደነበር ነግሯት ዘጋ። ማጽናኛም ወደ ኮዷ መግቢያዋን ዘጋባት፤ ሰልስቱ ሲያልፍ ቀርባ እንድታስረዳ የሚል መልእክት መጣላት። የአባቷን ድንኳን ግን ሰይድ እንዳለ ተወው።

ረፋዱ ላይ አምሳሉ ደወለ። ሰላምታ አልሰጣትም።

«አዋረድሽኝ።»

«ጠራሁህ እኮ አምሳሉ። አልሰማህም?»

«ሰማሁ። ያንቺን ድምፅ እንዴት አልሰማም? ጓንቴን አውልቄ ቆምኩ። እግባለሁ ብዬ ነበር። ምንም አልመጣልኝም ስንዱ። ደረቅ ነኝ። ሞተ ከተባለበት ቀን ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልወጣኝም። ትናንት ከመጥራትሽ በፊት ግን እንደራሴዬ ሲያለቅስ በስክሪን እያየሁት ነበር። ፊቱን ሸፍኖ። ደህና አድርጎ አለቀሰለት። እኔ ያቃተኝን ሲያደርግልኝ፣ ቢያንስ አንዱ እኔ እያለቀሰ ነው ብዬ ትንሽ ቀለል አለኝ። አንቺ መጥተሽ እሱንም ነጠቅሽኝ።»

ስንዱ ይህን አልጠበቀችም። ሥራ በዝቶበት ቀረ ብላ ነበር፤ ረስቶ ይሆናል ብላም ነበር። በኮዷ ውስጥ ማልቀስ ያቃተው ሰው የሚባል አልነበረም።

«ልመልሰው?» አለች ቀስ ብላ። «ሰይድን ልጠይቀው እችላለሁ።»

«አሁን ምን ይሠራል? አውቀዋለሁ። አሁን ባየው ያንቺ ሥራ መሆኑን ነው የማየው።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ና።»

«መጥቼ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ተቀመጥ።»

«ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ለቅሶ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰዉማ አልቋል» አለች ስንዱ። «ያለነው እኔና አያ ይማም ነን።»

በሰልስቱ ዝናቡ አባራ። አያ ይማም አጠገቧ ነበሩ፤ ካኮረፏት በኋላም ከድንኳኑ አልራቁም። ያልጋነሽ ከጠዋቱ ገብታ ቲማቲሟን እየለቀመች ነው፤ መድኃኒት ቤት ያለው ሽበታሙ ሰውም አለ። ከሰዓት በኋላ የአምሳሉ ምስል ራሱን አነሳ። ነጠላው ጠፋ፤ በአቧራ የነጣ የሥራ ልብስ፣ የብረት ቆብ ያደረገ፣ ላቡ ከግንባሩ የሚንጠባጠብ ሰው ሆነ። አንድ የማይታይ ነገር ላይ ተቀምጦ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶበት፣ ዙሪያውን አየ።

«እንደምን ዋላችሁ?» አለ። ለለቅሶ ቤት የሚሆን ሰላምታ አልነበረም።

«እግዜር ያጥናህ» አሉ አያ ይማም።

ከወዲያ በኩል የእንፋሎት ፉጨት ይሰማ ነበር። ስንዱ አላየችውም፤ እንዳታስጨንቀው ብላ መሬት መሬት ታይ ነበር።

«አያ ይማም» አለ አምሳሉ በድንገት፣ «ቀይ ካርዱን ያስታውሳሉ?»

«የቱን?»

«ሆጤ ሜዳ፣ ለሰፈራችን ስጫወት፣ አባዬ ሲያጫውት። እኔ አንዱን ልጅ ጠልፌ ጣልኩት፤ አባዬ ቀይ አወጣብኝ። ለገዛ ልጁ! እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እማዬ ሰማች። ራት ቀረበ፤ አባዬ ታጥቦ ሲቀመጥ እማዬ ከኮቱ ኪስ ያቺን ቀይ ካርድ አውጥታ ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። ምንም አልተናገረችም። እሱም ምንም አልተናገረም። ተነሳ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።»

«አዎ! አዎ!» አሉ አያ ይማም፤ ከዘራቸው ወደቀ። «በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት! ‹አበጋዝ ምን ሆንክ?› ብለው ‹ወጥቼ ነው› አለኝ! ‹ለምን አትገባም?› ብለው ‹ጨዋታው መቼ አለቀና?› አለኝ!»

ያልጋነሽ ነበረች መጀመሪያ የሳቀችው፣ እጇ አየር ላይ እንዳለ። ከዚያ ስንዱ፤ ለማፈን ሞከረች፣ በአፍንጫዋ አመለጣት። አምሳሉ ሆዱን ይዞ ተንፈራፈረ። ለቀስተኛ በሚለው ክላስ ውስጥ ሳቅ የሚባል አኒሜሽን የለም፤ ለቅሶ ቤት ሳቅ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ፕሮግራመር አልነበረም። አያ ይማም ሳቃቸውን ሲጨርሱ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ ሲጠርጉ ግን እንባው አልቆም አላቸው። አምሳሉ እሳቸውን እያየ ነበር። ፊቱ ቀስ በቀስ ተቀየረ፤ አፉ እንደሳቀ ሆኖ ዓይኑ ሞላ።

ስንዱ እንዳታስጨንቀው ዓይኗን መልሳ ወደ መሬት አደረገች።

ከወዲያ በኩል የጣቢያው ደወል ጮኸ። የፈረቃ ደወል ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰሙት፤ ሁሉም ይሄዳል ብለው ጠበቁ። አንድ ሰው በስሙ ሲጣራም ተሰማ። አምሳሉ ዞር ብሎ ወደ ድምፁ አየ። ከዚያ የብረት ቆቡን አወለቀ፣ ከእግሩ አጠገብ አስቀመጠው፣ ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

«ሌላም አለ» አለ።